የጁገል ሒሳብ

ከግንቡ ውጭ፦ ጋሼ፣ አሜሪካኖች ለዚህ ለሐረራችን የወንበር ክፍፍል ስም አላቸው። በፈረንጆቹ 1812 የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ የነበረው ኤልብሪጅ ጌሪ ለፓርቲው የሚያደላ የምርጫ ክልል ካርታ በፊርማው አጸደቀ። አንዱ የምርጫ ክልል እየተጠማዘዘ ሄዶ ሄዶ ሳላማንደር የሚባለውን እንሽላሊት መሳይ እንስሳ ስለመሰለ፣ የሰውየውንና የእንስሳውን ስም አዳቅለው "ጄሪማንደር" አሉት። መራጭ ተመራጩን መምረጡ ቀርቶ ተመራጭ መራጩን ሲመርጥ ማለት ነው። እኛ ስም እንኳ አላወጣንለትም።

ከግንቡ ውስጥ፦ ያልተወለደ ልጅ ምን ስም ይወጣለታል? እዚህ በምርጫ ሰሞን መስመር ያሰመረ የለም። የግንቡን ከተማ ጁገልን ያጠረው አሚር ኑር ነው፣ በ16ኛው መቶ ዘመን። ያኔ ምን ምርጫ ነበርና?

ከግንቡ ውጭ፦ ድንጋዩን አይደለም የምለው፣ ሒሳቡን ነው። የክልሉ ምክር ቤት 36 ወንበር አለው። 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ነው፤ መራጩም ተመራጩም ሐረሪ ብቻ። የቀረው 22 ወንበር የሁሉም ነዋሪ ነው፤ ከእሱ ውስጥ ደግሞ 4ቱ የጁገል ናቸው። እነሱንም ሐረሪው ነው የሚይዛቸው፤ 14 እና 4 ሲደመር 18 ይሆናል። ለሌላው ሁሉ የሚተርፈው 18 ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ሐረሪ ከክልሉ ሕዝብ 8.65 በመቶ ነበር። ኦሮሞ 56.41፣ አማራ 22.77፣ ጉራጌ 4.34፣ ሶማሌ 3.87። ከመቶ ዘጠኝ የማይሞላ ሕዝብ ከምክር ቤቱ እኩሌታውን ሲይዝ ይኼ እንሽላሊት ካልሆነ ምንድን ነው?

ከግንቡ ውስጥ፦ ሒሳብ ከጀመርሽማ ከመጀመሪያው ጀምሪዋ። ይቺ ከተማ የራሷ አሚር፣ የራሷ ገንዘብ የነበራት አገር ናት። በ1879 ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂ ሲሸነፉ ያ አበቃ። በ1940 ደግሞ፣ የኩሉብ ጊዜ የምንለው፣ ወንዱ በጅምላ ታሰረ፣ ሀብቱ ተወረሰ፣ ሰዉ ቤቱን እየዘጋ አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋ፣ አንዳንዱም ባሕር ማዶ ገባ። ያኔ ባይሆን ዛሬ 8 ከምናምን ባልሆንን። አንቺ የምትቆጥሪው የተረፈውን ነው። ማን እንዳሳነሰን የሚያሳይ መደብ በቆጠራ ቅጽሽ ላይ የለም።

ከግንቡ ውጭ፦ የለም፤ ትክክል። ግን ያንን ዕዳ የሚከፍለው ማን ነው? ቅድመ አያቴ በራስ መኮንን ዘመን በቅሎ እየነዳ መጣ። ከዚያ ወዲህ እዚሁ ሸንኮር ላይ ተወልደን ሸንኮር ላይ ስንቀበር አራት ትውልድ ሆነን። የ1940ው ዕዳ ከልጄ ድምፅ ላይ ነው የሚቆረጠው?

ከግንቡ ውስጥ፦ የልጅሽ ድምፅ መች ተቆረጠ? ለ22ቱ ትመርጣለች። 14ቱ የሚጠብቁት ቋንቋችንን ጌይ ሲናንን፣ ቅርሱን፣ ባህሉን ነው። ጎረቤትሽ ቋንቋውን ቢጠብቅ አንቺን ምን ጎደለሽ?

ከግንቡ ውጭ፦ ቋንቋውንማ ይጠብቁልኝ! እኔም እኮ ከአማርኛዬ መሐል የጌይ ቃል አውጡልኝ ብባል ግማሹን አጣዋለሁ። የክልሉን ፕሬዝዳንት የሚያቀርበውስ ማን ነው? ያው ጉባኤው። ፕሬዝዳንት ባህል ነው? ሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ውሃችን ከድሬዳዋ በኩል በቧንቧ ነው የሚመጣው። ጀሪካን ይዤ ሳምንት ስጠብቅ የምጠይቀው መንግሥት ቅርስ ጠባቂ አይደለም። ውሃ፣ መንገድ፣ ሥራ፣ በጀት፣ ይኼ ሁሉ በ14ቱ ትከሻ አልፎ ነው እኔ ጋ የሚደርሰው።

ከግንቡ ውስጥ፦ ቤቱን አንተ ጥረግ፣ ቁልፉን ለሌላ ስጥ ነው የምትይኝ። ቋንቋ ያለ ሥልጣን አይጠበቅም፣ ልጄ። በንጉሡም በደርግም ጊዜ የሐረርጌ ዋና ከተማ ነበርን፤ ወታደራዊ አካዳሚው፣ ትልልቁ መሥሪያ ቤት ሁሉ እዚሁ ነበር። ጌይ ሲናን ግን ከግቢያችን በር አይወጣም ነበር። በ1984 ሐረር ክልል 13 ስትባል ነው በገዛ ከተማችን ጽሕፈት ቤት ውስጥ በቋንቋችን ማመልከቻ የጻፍነው።

ከግንቡ ውጭ፦ ይሁን። ሕጉንስ ምን ያደርጉታል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብት በብሔርም በሌላም ልዩነት አይደረግበትም ይላል።

ከግንቡ ውስጥ፦ አንድ ገጽ እንኳ ሳትሄጂ አንቀጽ 39 አለ፣ ራስን ስለማስተዳደር። 54 ላይ ደግሞ በፌዴራሉ ምክር ቤት አናሳ ብሔረሰቦች ከ20 የማያንስ ወንበር ይኖራቸዋል ይላል። ቁጥር ብቻውን እንዳይገዛ የጻፈው ያው ሕገ መንግሥት ነው። አሜሪካንም ካነሣሽ እስከ መጨረሻው አንሺ፤ በፈረንጆቹ 1965 የምርጫ መብት ሕግ ካወጡ በኋላ ጥቁሮች የፈለጉትን ሰው ማስመረጥ እንዲችሉ ታስቦ የተሰመሩ የምርጫ ክልሎች ነበሩ። ደካማውን ለመበተን የተሰመረና ደካማው እንዳይበተን የተሰመረ መስመር ሁለቱም ጠማማ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንድ ግን አይደሉም።

ከግንቡ ውጭ፦ እሱን እቀበላለሁ። መጠኑን ግን ይዩት። እዚያ ጥቁሩ ያገኘው ከቁጥሩ ጋር የሚቀራረብ ወንበር ነው፤ የምክር ቤቱን ግማሽ ይውሰድ ያለ የለም። ብራስልስን ይውሰዱ። የከተማዋ ፓርላማ 89 ወንበር አለው፤ ደች ተናጋሪው እንዳይዋጥ 17ቱ ተቆጥረው ተቀምጠውለታል። አምስተኛው ነው። ጥበቃ እንዲህ ነው።

ከግንቡ ውስጥ፦ ፓርላማውን ቆጠርሽና ካቢኔውን ሳትቆጥሪ ተነሣሽ! የብራስልስ መንግሥት ከሚኒስትር ፕሬዝዳንቱ ሌላ አራት ሚኒስትሮች አሉት፤ ሁለቱ ፈረንሳይኛ፣ ሁለቱ ደች። ግማሽ በግማሽ። ሥልጣን ባለበት ቦታ እነሱም እንደኛ ነው የቆረሱት።

ከግንቡ ውጭ፦ ... እሺ፣ ይኼኛው ገባ። ግን እዚያ ድምፅ መስጫው ጋ የሚሆነውን ልንገርዎ። መራጩ ይገባል፣ የደቹን ዝርዝር ወይም የፈረንሳይኛውን ራሱ ይመርጣል፣ ይወጣል። አባትህ ማን ነው የሚለው የለም። እዚህ ግን መዝጋቢው ፊት ስቀመጥ ብዕሩ የሚሄደው ብሔር የሚለው መስመር ላይ ነው። የአሜሪካው እንሽላሊት ቢያንስ ካርታ ላይ ይታያል፣ ተሟግተህ ፍርድ ቤት ትወስደዋለህ። የኛ መስመር መሬት ላይ አይደለም የተሰመረው፣ ሰው ላይ ነው።

ከግንቡ ውስጥ፦ ብራስልስም ቢሆን የሌላኛው ቋንቋ ሰው በደቹ ዝርዝር እየገባ ይመርጣል የሚል ቅሬታ አይጠፋም። እኛ ዘንድ በሩ ክፍት ይሁን ብንል የመጀመሪያው ምርጫ ላይ 14ቱን የሚመርጠው ሌላ ነው። የሐረሪ ጉባኤ ሐረሪ ያልመረጠው ከሆነ ምኑ ነው የሐረሪ?

ከግንቡ ውጭ፦ ግንቡ አምስት በር አለው፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ለመኪና ስድስተኛ ተከፍቷል። ለጅብ እንኳ ከሥር ቀዳዳ ተትቶለታል። በምርጫው ግን ያለው በር የደም ብቻ ነው።

ከግንቡ ውስጥ፦ ጅቡ ማታ ገብቶ፣ የተጣለለትን በልቶ፣ ጠዋት ይወጣል። ወንበር አይጠይቅም።

ከግንቡ ውጭ፦ ቂቂቂ፣ ጋሼ! እንግዲያው አዲስ አበባ ያሉትን እንጠይቅ። በ2013 ምርጫ ቦርድ ከክልሉ ውጭ የሚኖር ሐረሪ ለጉባኤው አይመርጥም አለ። ክልሉ ከሰሰ፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለክልሉ ፈረደ። አገሩ ሰኔ 14 ሲመርጥ እኛ መስከረም 20 ቀን 2014 መረጥን። መርካቶ ሱቅ ከፍቶ አርባ ዓመት የኖረ ሰው፣ ግብሩን አዲስ አበባ እየከፈለ፣ ለአዲስ አበባ ምክር ቤትም ድምፅ እያለው፣ የሐረርን ፕሬዝዳንት ለሚያቀርበው ጉባኤ ይመርጣል። እኔ ከግንቡ ሁለት መቶ እርምጃ ርቄ እየኖርኩ አልመርጥም። ይኼን ለልጄ እንዴት ብዬ ላስረዳት?

ከግንቡ ውስጥ፦ ወዶ ነው እንዴ መርካቶ የገባው? አገር ውስጥ ካለው ሐረሪ ግማሽ ያህሉ ከክልሉ ውጭ ነው። ያንን ሰው ከከተማው ያስወጣው መንግሥት ነው፤ ድምፁንም "ከከተማው ስለወጣህ" ብሎ መንግሥት ይውሰድበት? አባርሮ፣ ርቀሃል ብሎ መቅጣት እኮ ነው። የክልሉ ሕገ መንግሥት ከክልሉ ውጭ ያለው ሐረሪም እንዲመርጥ የጻፈው ያንን አስቦ ነው፤ ፍርድ ቤቱም ያንን ነው ያየው።

ከግንቡ ውጭ፦ ከ1940 በኋላ የተሰደደውን እረዳለሁ። በ1990ዎቹ ለንግድ የሄደውስ? ልጁስ? የልጅ ልጁስ? ስደት በስንት ትውልድ ያበቃል?

ከግንቡ ውስጥ፦ አንቺ አራት ትውልድ ቆጥረሽ "የዚህ ከተማ ሰው ነኝ" አልሽኝ። እሱ ሦስት ቆጥሮ "የዚያች ከተማ ሰው ነኝ" ቢል የሚገርምሽ ለምንድን ነው?

ከኤረር፦ ሁለታችሁም ይቅርታ፣ ሻዬን እየጠጣሁ ሰማኋችሁ። ከድንጋይ በዚህ፣ ከድንጋይ በዚያ እያላችሁ ነው። ከከተማው ወዲያ ሶፊ፣ ኤረርና ድሬ ጥያራ የሚባሉ ሦስት የገጠር ወረዳዎች አሉ። የዚህ ክልል ሕዝብ ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረው እዚያ ነው። እስካሁን አንድ ጊዜ አልተጠራም።

ከግንቡ ውስጥ፦ ኦሮሞውማ 18 ወንበር አለው፣ ልጄ። ቋንቋውም የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው።

ከኤረር፦ 18 ወንበር የነበረው ኦሮሞው አይደለም፣ ኦህዴድ ነው። ሌላውን 18 የያዘው የሐረሪ ብሔራዊ ሊግ ነው። ሁለት ድርጅት ተስማምቶ ቤቱን ለሁለት ገመሰው፣ እኛ በሰልፍ ቆመን ካርድ ጣልን። በ2012 ሁለቱም ብልጽግና ገቡ። ዛሬ 18ቱም 18ቱም የሚነሡት ከአንድ ጽሕፈት ቤት ነው። አሜሪካኖቹ ካርታ የሚያጣምሙት የሚያሸንፋቸው ተቃዋሚ ስላለ ነው፤ ካላጣመሙ ይሸነፋሏ። እዚህ የሚያሸንፍ በሌለበት መስመሩ የሚጠቅመው ለሹመት ድልድል ነው። ማን ፕሬዝዳንት፣ ማን ምክትል።

ከግንቡ ውጭ፦ እኔ ግን ከአማራው፣ ከጉራጌው፣ ከሌላው ጋር ተደምሬ 35 በመቶ ነኝ። ድልድሉ ውስጥ እንኳ የለሁም።

ከግንቡ ውስጥ፦ ያ የኛ ጥፋት አይደለም። 18ቱ ለማንም ክፍት ነው። ችግርሽ አገሪቱ የያዘችው የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ነው፤ አንድ ድምፅ የበለጠ ሁሉንም ይወስዳል። በ1997 አዲስ አበባ ላይ ቅንጅት ከ138 ወንበር 137ቱን ወሰደ፤ ለኢሕአዴግ የመረጠው ሰው ጠፋ ማለት ነው እንዴ? ያንን ቀይሪ እንጂ ከኛ ወንበር ላይ ምን አመጣሽ?

ከግንቡ ውጭ፦ ጥሩ፣ እንቀይረው። ድምፅ በተመጣጣኝ ይከፈል።

ከግንቡ ውስጥ፦ በተመጣጣኝ ከሆነ እኛ ከ36ቱ ስንት እንደሚደርሰን አስበሽዋል? ሦስት። አሁን ባለው በአብላጫው ደግሞ፣ ለብቻ የተቀመጠልን ባይኖር፣ ከግንቡ ውጭ አንድም አናገኝ። ሦስት ሰው ነው ጌይ ሲናንን የሚያድነው? በሦስት ሰው እኮ በርጫ እንኳ አይደምቅም።

ከኤረር፦ እኛ 56 በመቶ ሆነን ግማሽ ስንባል ዝም ብለናል።

ከግንቡ ውስጥ፦ እናንተ ከሞያሌ እስከ ወለጋ ክልል አላችሁ። ኦሮምኛ በአዳማም በጅማም ይኖራል። ጌይ ሲናን ከ48 ሄክታር ግንብ ውጭ ሌላ ቤት የለውም። አንተ እዚህ ብትሸነፍ ቋንቋህ አይሞትም።

ከኤረር፦ አባቴ፣ እኔ የምኖረው ኤረር ነው፣ ነቀምቴ አይደለም። የነቀምቴ ወንበር የእኔን መንገድ አይጠርግም፣ የእኔን ክሊኒክ አይከፍትም። የሚታመመው ሰው ነው እንጂ ኦሮምኛ አይታመምም። ደግሞ ከተማው ይሰፋል። ዘንድሮ የኔ የነበረ ማሳ ለከርሞ የከተማ ቦታ ይባላል። ካርታው ወደኔ ይሄዳል፤ ወንበሩ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም።

ከግንቡ ውጭ፦ ሊንቀሳቀስ የሚችልበት መንገድ ተጽፎ ነበር እኮ። አንቀጽ 103፦ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል፤ የምርጫ ክልሎችን ወሰን በቆጠራው ውጤትና ምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ሐሳብ መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው። የሚቀጥለው በ2010 ይሆናል ተባለ፣ ወደ 2011 ተገፋ፣ እንደገና ተራዘመ። በቆጠራው ዓመት የተወለደ ሕፃን የመራጭነት ካርድ ለማውጣት ደርሷል። ጌሪ መስመር በማሥመር ነው ያታለለው፤ እኛ ባለማሥመር። የሐረር ብቻ አይደለም ይኼ፤ አዲስ አበባ ዳር ላይ ሰው በየሜዳው ፈልቷል፣ 23ቱ የምርጫ ክልሎች ግን አሁንም 23 ናቸው።

ከግንቡ ውስጥ፦ ቆጠራው ቢመጣ የሚሆነውን ልንገርሽ። 8.65 የነበረው 7 ይሆናል፣ ወይም 6። በየአሥር ዓመቱ አንድ ሰው እየመጣ "ቀንሳችኋል" ይለናል። ወንበራችን በቁጥር ላይ እንዳይቆም የተደረገው ለዚህ ነው። ቁጥር የኛ ወዳጅ ሆኖ አያውቅም።

ከኤረር፦ ካልቆጠሩ ደግሞ የእኔን ልጆች የሚያውቅ የለም። አራቱ ከቆጠራው በኋላ ነው የተወለዱት።

ከግንቡ ውጭ፦ ጋሼ፣ 14ቱን አንነካም እንበል። ይቀመጡ፣ ሐረሪ ብቻ ይምረጣቸው፣ አዲስ አበባም ሆኖ ይምረጥ። በቋንቋ፣ በቅርስ፣ በጁገል ውስጥ በሚሠራ ማንኛውም ነገር ላይ "እምቢ" ካሉ ያበቃለታል፤ ማንም አይሽረውም። ግን ውሃውን፣ መንገዱን፣ በጀቱን፣ ፕሬዝዳንቱን 22ቱ ይወስኑ፤ እነሱም በተመጣጣኝ ድምፅ ይመረጡ። ይኼ ሐረሪን ያጠፋል?

ከግንቡ ውስጥ፦ በጀት የሌለው "እምቢ" ምን ያደርጋል? ቅርሱን በዩኔስኮ መዝገብ በ1998 አስገባን። ግንቡ ሲፈርስ የሚጠገነው በድንጋይ ነው፣ ድንጋዩ የሚገዛው በበጀት ነው። "አታፍርስ" ማለት እችል ይሆናል፤ "ጠግን" ለማለት ግን ገንዘቡ ያለበት ክፍል ውስጥ መቀመጥ አለብኝ።

ከኤረር፦ ይኼ እኮ የኔ ንግግር ነው። ገንዘቡ ያለበት ክፍል ውስጥ።

ከግንቡ ውስጥ፦ አዎ፣ የአንተም ነው።

ከግንቡ ውጭ፦ ክፍሉ ጠባብ ከሆነ እናስፋዋ! 36 የሚለውን ከሰማይ ያወረደው የለም።

ከኤረር፦ ወንበር ቢጨመር የሚጨምረው ማን ነው? ያው 36ቱ ናቸው። ከ36ቱ መሐል ወንበሬ ይጥበብብኝ ብሎ እጁን የሚያወጣ ታውቂያለሽ?

ከግንቡ ውስጥ፦ እኔ ራሴ አላወጣም። እውነቱን ነው የምነግራችሁ።

ከግንቡ ውጭ፦ ጋሼ፣ እህቴ ሐረሪ ነው ያገባችው፣ ያውቁታል።

ከግንቡ ውስጥ፦ ሰርጉ ላይ ነበርኩ እኮ። የሰፈር ማኅበራችን አፎቻ ነው የደገሰው።

ከግንቡ ውጭ፦ የእሷ ልጅና የኔ ልጅ አንድ ግቢ አደጉ፣ አንድ ትምህርት ቤት ተማሩ። ጌይ ሲናንን የኔዋ ትበልጣታለች፤ ከሐረሪዋ አያት እግር ሥር አትጠፋም ነበር። በሚቀጥለው ምርጫ ሁለቱም 18 ዓመት ይሞላቸዋል።

ከግንቡ ውስጥ፦ የእህትሽ ልጅ በአባቷ የኛ ናት። ለ14ቱም ለ22ቱም ትመርጣለች።

ከግንቡ ውጭ፦ የኔዋስ?

ከግንቡ ውስጥ፦ ለ22ቱ።

ከግንቡ ውጭ፦ ካርድ ለማውጣት አብረው ነው የሚሄዱት። እዚያው ሰልፉ ላይ ይንገሯት እንግዲህ፤ እኔ አልነግራትም።

ከግንቡ ውስጥ፦ ...ሻይ ጨምሩላቸው።